ሰው ይፈልገዋል ወይ? የገበያ ፍላጎትን የሚፈትኑ መንገዶች ሲነጻጸሩ

የክሊኒኩ የእንግዳ መቀበያ ጠረጴዛ ላይ የተዘረጋው የቀጠሮ መዝገብ ከላይ እስከ ታች በእርሳስ የተጻፈ ነበር። በእስክሪፕቶ የሰፈረ አንድም ስም የለም። ከመዝገቡ አጠገብ ግማሹ ያለቀ ላጲስ፣ ከላጲሱ ሥር ደግሞ ስልክ ቁጥር የታጨቀበት ቁራጭ ወረቀት። ምን እንደሆነ ስጠይቃት ሠራተኛዋ፣ "ቀጠሮ ሲሰረዝ የምደውልላቸው ናቸው። ግን ጊዜው የታለ? አብዛኛውን ጊዜ ሰዓቱ ባዶውን ያልፋል" አለችኝ።

እኛ በዚያን ጊዜ ለታካሚዎች ቀጠሯቸውን የሚያስታውስ መተግበሪያ ስንሠራ አራት ወር አልፎናል። ላንዲንግ ፔጅ (ምርቱን አስተዋውቆ ኢሜይል የሚቀበል አንድ ድረ ገጽ) ከፍተን፣ ለማስታወቂያ ከፍለን፣ ከሁለት መቶ በላይ ኢሜይል ሰብስበናል። መተግበሪያው ሲወጣ ግን ገብተው የተጠቀሙት በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ። ሠራተኛዋ አጠገብ ወንበር ስቤ የተቀመጥኩት ይህ ሁሉ ካለፈ በኋላ ነው። አንድ ሰዓት ሳይሞላ ነገሩ ገባኝ፤ የክሊኒኩን ራስ ያዞረው የታካሚው መርሳት ሳይሆን የተሰረዘው ሰዓት ሳይሞላ መቅረቱ ነው።

ገጹ አልዋሸንም። "ይህን ሐሳብ የሚወድ ሰው አለ?" ብለን ጠየቅነው፣ አለ አለን። ልንጠይቅ የሚገባን ግን ሌላ ነበር፤ ለዚያኛው ጥያቄ ደግሞ ገጽ መሣሪያው አይደለም። ፍላጎትን የሚፈትኑ መንገዶች ብዙ ናቸው፣ እያንዳንዱም መልስ የሚሰጠው ለራሱ ጥያቄ ብቻ ነው። ከዚህ በታች የማነጻጽራቸው በዚህ ዓይን ነው።

በመጀመሪያ የሚያስፈራችሁን ጻፉ

ጀማሪ ኩባንያ ሁሉ ሦስት ጥርጣሬ ይዞ ይነሳል። ችግሩ በእውነት አለ ወይ፣ ካለስ ሰውን ያንገበግበዋል ወይ? እኛ ያሰብነውን መፍትሔ ከፍሎ ይወስደዋል ወይ? አንዴ ከሞከረው በኋላስ ይቆያል ወይ? ሦስቱ ከተደባለቁ የተገኘው ውጤት የቱን እንደመለሰ አይታወቅም። ቪዲዮ አይቶ የተመዘገበ ሰው ስለ ሦስተኛው ጥያቄ ምንም አልነገራችሁም። ችግሩን እንባ እየተናነቀው ያወራላችሁ ሰውም ስለ ሁለተኛው ገና አልተናገረም።

የመጀመሪያውን ጥርጣሬ መዝለል የተለመደ ነው፣ ዋጋውም ከባድ ነው። እ.ኤ.አ. በ2014 ሲቢ ኢንሳይትስ የተባለው የምርምር ድርጅት የ101 የከሰሙ ጀማሪ ኩባንያዎችን ታሪክ ሲመረምር፣ 42 በመቶዎቹ ከውድቀታቸው ምክንያቶች መካከል "ገበያው አልፈለገውም" የሚለውን ጠቅሰው አግኝቷል። ያልጠረጠረ ተመነጠረ የሚባለው እዚህ ላይ በትክክል ይሠራል።

ከጥርጣሬው ቀጥሎ አንድ መለኪያ ያዙ፦ ደንበኛው ምን ሰጠ? አድናቆት ከሰጠ ምንም አልሰጠም። ኢሜይል ትንሽ ነው። አንድ ሰዓቱን፣ መዝገቡን፣ የሥራ ባልደረባውን ስልክ ከሰጠ ቁም ነገር አለ። ገንዘብ ከሰጠ ብዙ ነገር ተናግሯል። ቀጥዬ የማነሳቸውን መንገዶች ሁሉ በዚህ ሚዛን አስቀምጣቸዋለሁ።

ማነጋገር ወይስ መጠይቅ መበተን?

ለመጀመሪያው ጥርጣሬ ማነጋገርን የሚተካ የለም። መጠይቅ የሚመች ይመስላል፤ በአንድ ቀን አምስት መቶ መልስ ይመጣል፣ በግራፍም ያምራል። ችግሩ መጠይቅ የሚያስመርጠው እናንተ ቀድማችሁ ያሰባችሁትን ብቻ መሆኑ ነው። በእርሳስ የተጻፈውን መዝገብ የትኛው መጠይቅ ውስጥ ምርጫ አድርገን እናስገባው ነበር? መኖሩን እንኳ አላወቅንም።

ብዛት ደግሞ የተሳሳተ ጥያቄን አያስተካክልም። ኮካ ኮላ እ.ኤ.አ. በ1985 ቀመሩን ከመቀየሩ በፊት ወደ 200,000 የሚጠጉ ሰዎችን አስቀምሷል፤ ብዙዎቹ አዲሱን መርጠዋል። ቅምሻው የመዘነው ጣዕምን ብቻ ነበር። አዲሱ ሲመጣ የለመዱት አሮጌው ከገበያ እንደሚወጣ ሰዎቹ ምን ይሰማቸዋል የሚለው በሚዛኑ ላይ በቂ ቦታ አላገኘም። በ79 ቀን ውስጥ አሮጌው ተመለሰ። ያ ግዙፍ ኩባንያ ስህተቱን መሸከም ችሏል። የስድስት ወር ገንዘብ ብቻ በእጁ ያለ ጀማሪ ግን አይችልም።

ሆኖም ማነጋገርም በትክክል ካልተያዘ ከመጠይቅ የባሰ ያሳስታል፤ በመካከሉ ይሉኝታ አለና። ፊት ለፊት ተቀምጣችሁ "እንዲህ ያለ መተግበሪያ ቢኖር ትጠቀሚበታለሽ?" ስትሉ፣ የተጠየቀችው ሴት የምታየው ለወራት የለፋ፣ ዓይኑ የሚያበራ ሰው ነው። "አዎ፣ በጣም ጥሩ ነው" ትላለች። አልዋሸችም፤ ላለማስከፋት ነው። ያንን "አዎ" ማስታወሻችሁ ላይ ስታሰፍሩ ግን ራሳችሁን አታላችኋል።

መድኃኒቱ ስለሚመጣው ሳይሆን ስላለፈው መጠየቅ ነው። "ለመጨረሻ ጊዜ ቀጠሮ የተሰረዘባችሁ መቼ ነው? ያን ጊዜ ማን ምን አደረገ? ስንት ደቂቃ ፈጀ? ሰዓቱ ተሞላ?" ስላለፈ ማክሰኞ የሚናገር ሰው ይሉኝታ አይዘውም፣ የሆነውን ይነግራችኋል። የምወደው ጥያቄ ደግሞ ይኸኛው ነው፦ "ይህን ነገር ለማስቀረት እስካሁን ምን ሞክራችኋል?" ምንም ካልሞከሩ ችግሩን ችለው እየኖሩ ነው። ችለው ለሚኖሩት ችግር ደግሞ ከፋይ ማግኘት በጣም ያስቸግራል። በተቃራኒው ቁራጭ ወረቀት ላይ የተለቀመ የስልክ ቁጥር ካያችሁ፣ አንድ ሰው መፍትሔውን በራሱ እጅ ጀምሮታል ማለት ነው። በቃለ መጠይቅ ሁሉ የምፈልገው ይህን ዓይነት የተጀመረ መፍትሔ ነው።

የራሳችሁን ሐሳብ እስከ መጨረሻው አታውጡ። ከተናገራችሁ በኋላ ወሬው ሁሉ ስለ እናንተ ምርት ይሆናል፣ የሰውየው ኑሮ ይዘጋል። መጨረሻ ላይ ደግሞ አንድ ነገር ለምኑ፤ ተመሳሳይ ሥራ የሚሠራ ሌላ ሰው እንዲያስተዋውቋችሁ፣ ወይም በሚቀጥለው ሳምንት ተመልሳችሁ ሥራቸውን እንድታዩ። እሺታው ወይም ማንገራገሩ ከአንድ ሰዓት ወሬ የበለጠ ይናገራል።

ስንት ሰው ይበቃል? አንድ ዓይነት ሥራና አንድ ዓይነት ችግር ያላቸውን ከመረጣችሁ፣ ከአሥር እስከ አሥራ አምስት ባለው ውስጥ ታሪኩ መደጋገም ይጀምራል። ካልተደጋገመ ብዙ ጊዜ የደንበኞቻችሁ ዓይነት ተደባልቋል። አንድ ማስጠንቀቂያ ግን አለ፤ ትንሽ ቁጥር መቶኛ አያወጣም። በዘፈቀደ ከተመረጡ ሠላሳ ሰዎች አንድም ችግሩን ባያነሳ እንኳ፣ በስታቲስቲክስ የሦስት ሕግ በሚባለው ስሌት 3 ለ30 ሲካፈል፣ በ95 በመቶ መተማመኛ እስከ 10 በመቶ የሚሆነው ሕዝብ ችግሩ ሊኖርበት ይችላል። ማነጋገር "ለምን" እና "እንዴት" የሚለውን ይመልሳል፣ "ስንት" የሚለውን አይችልም። መጠይቅ ቦታው እዚያ ነው፤ አማራጮቹን ከሰዎች አፍ ከሰማችሁ በኋላ ብዛታቸውን ለመቁጠር።

አጠገብ ቁጭ ብሎ ማየት

ማየት ከማነጋገር ይበልጣል እላለሁ፤ የሚዘለለው ስለሚያሰለች ነው። ሰው የለመደውን ችግር አይናገረውም፣ ምክንያቱም እንደ ችግር ማየት ትቷል። ሰዎች ቤታቸውን ለእንግዳ የሚያከራዩበት የኤርቢኤንቢ ድረ ገጽ መስራቾች እ.ኤ.አ. በ2009 ገቢያቸው ቆሞ ሳለ ኒውዮርክ ድረስ ሄደው ቤታቸውን የሚያከራዩትን ሰዎች በየቤታቸው አገኙ። ማስታወቂያዎቹ ላይ ያሉት ፎቶዎች ደብዛዛ እንደነበሩ ታዝበው ስለነበር፣ ካሜራ ተከራይተው ቤቶቹን ራሳቸው ፎቶ አነሱ። በሳምንት 200 ዶላር ገደማ የነበረው ገቢያቸው በእጥፍ አደገ። "ፎቶዬ መጥፎ ስለሆነ ነው" ብሎ በመጠይቅ የሚመልስ አከራይ አይኖርም ነበር።

ገጽ መክፈት ወይስ ሥራውን በእጅ መሥራት?

ችግሩ መኖሩን ካወቃችሁ በኋላ ሁለተኛው ጥርጣሬ ይመጣል። እዚህ ላይ ሁለት ተቀናቃኝ መንገዶች አሉ። አንደኛው ምርቱ ያለ ይመስል ማስተዋወቅና የሚመጣውን መቁጠር። ሁለተኛው ሶፍትዌሩ የሚሠራውን ሥራ እናንተ በእጃችሁ ለጥቂት ሰዎች መሥራት።

ለገጽና ለቪዲዮ ሁልጊዜ የሚጠቀሰው ፋይል በኢንተርኔት የሚያስቀምጠው አገልግሎት ድሮፕቦክስ ነው። እ.ኤ.አ. በ2008 የተለቀቀ አጭር ማሳያ ቪዲዮ የተጠባባቂዎቹን ዝርዝር በአንድ ሌሊት ከ5,000 ወደ 75,000 ወስዶታል። የሚረሳው ግን ለምን እንደሠራ ነው። በየኮምፒውተሩ ፋይል ይዞ መዞር ሁሉም የሚያውቀው ጣጣ ነበር፤ የመጀመሪያው ጥርጣሬ እዚያ ላይ ያን ያህል አላስጨነቀም። ምርቱን በትክክል መሥራት ደግሞ ከባድ ነበር፣ ስለዚህ ሳይጨርሱት ማሳየቱ ትርጉም ነበረው። ቪዲዮው የቀረበውም እንዲህ ያለ ነገር ቶሎ ለሚገባቸው የቴክኖሎጂ ወዳጆች ነው። እነዚህ ሁኔታዎች በሌሉበት ያንኑ መንገድ መከተል እኛን እንደጎዳን ይጎዳል።

ገጽ ከከፈታችሁ ዋጋ አስገቡበት። የማኅበራዊ ሚዲያ ጽሑፎችን በቀጠሮ የሚለጥፈው የቡፈር መስራች ጆኤል ጋስኮይን እ.ኤ.አ. በ2010 ያደረገው ይህንኑ ነው። መጀመሪያ ሐሳቡን የሚያስረዳ ገጽና ኢሜይል መቀበያ ብቻ አቀረበ። ሰዎች ሲመዘገቡ ግን አላመነም፤ በሁለቱ መካከል የዋጋ ዝርዝር ያለበት ሌላ ገጽ ጨመረ። ዋጋ አይቶም ወደፊት የሚሄድ ሰው ሲያገኝ ነው መሥራት የጀመረው። አንድ ገጽ ጭማሪ ናት፣ ግን ኢሜይሉን ከአድናቆት ወደ ውሳኔ አስጠግታዋለች።

ቁጥሩንም በጥንቃቄ ያዙት። ከመቶ ጎብኚ አምስት ቢመዘገቡ "5 በመቶ አገኘን" ይባላል። መቶ ሰው ጥቂት ነውና በእውነቱ ትክክለኛው ቁጥር ከ2 እስከ 11 በመቶ መካከል የትም ሊሆን ይችላል። በ2 በመቶ የሚከስር፣ በ11 በመቶ የሚያተርፍ ሥራ ከሆነ ያ ፈተና ምንም አልወሰነላችሁም። ጎብኚዎቹ ከየት መጡ የሚለው ደግሞ ከቁጥሩ ይቀድማል። ወዳጅ ዘመድ ያጋራው ሊንክ ውጤት ሊባል አይገባም።

እኔ በአብዛኛው ሁኔታ በእጅ መሥራትን እመርጣለሁ። ኒክ ስዊንመርን እ.ኤ.አ. በ1999 በኋላ ዛፖስ የተባለው የኢንተርኔት ጫማ መደብር የሆነውን ሥራ ሲጀምር መጋዘን አልነበረውም። ጫማ ቤቶች ሄዶ ጫማዎቹን ፎቶ አነሳ፣ ኢንተርኔት ላይ ለጠፈ፣ ትእዛዝ ሲመጣ ሄዶ በሙሉ ዋጋ ገዝቶ ላከ። በእያንዳንዱ ጥንድ ትርፍ አላገኘም፤ ያገኘው ሰው ሳይለካ ጫማ በኢንተርኔት እንደሚገዛ ነው። የምግብ አድራሹ የዶርዳሽ መስራቾችም እ.ኤ.አ. በ2013 የጀመሩት የጥቂት ምግብ ቤቶች ዝርዝር በፒዲኤፍ በተለጠፈበትና የራሳቸው ስልክ ቁጥር ባለበት ቀላል ዌብሳይት ነው፤ ስልኩን ያነሱት፣ ምግቡንም ያደረሱት እነሱው ነበሩ።

በእጅ የሚሠራ ሥራ ገጽ የማይሰጠውን ይሰጣል፤ ደንበኛው ሲመለስ ታዩታላችሁ፣ ሲያማርር ትሰማላችሁ፣ ሳትጠብቁት የሚጠይቃችሁን ነገር ታገኛላችሁ። የማይሰጠው ነገር የወጪ ስሌት ነው። ነፃ ጉልበታችሁን አፍስሳችሁ ያስደሰታችሁት ደንበኛ፣ ደመወዝ የሚከፈለው ሰው ሲሠራለት ያከስራችሁ ይሆናል። ስለዚህ ከመጀመሪያው ትእዛዝ ጀምሮ ለእያንዳንዱ ያጠፋችሁትን ደቂቃ መዝግቡ። ይህን ሳያደርጉ ለወራት የቆዩ ቡድኖች ሲያድጉ የሚደነግጡት በዚህ ነው።

መጋረጃ ጀርባ ያለ ሰው

የእጅ ሥራው ትንሽ የሚለይ አንድ ዘመድ አለው፤ ደንበኛው ማሽን ነው ብሎ ሲያስብ ከኋላ ሰው የሚሠራበት። አይቢኤም ንግግርን ወደ ጽሑፍ የሚቀይር ኮምፒውተር ከመሥራቱ በፊት በዚህ መንገድ ፈትኖታል፤ ሰዎች ማይክሮፎን ላይ ሲናገሩ በሌላ ክፍል የተቀመጠ ጸሐፊ ይተይብላቸው ነበር። ከሞከሩት በኋላ ብዙዎቹ ጉጉታቸው ቀዘቀዘ። ሲውሉበት ጉሮሮ ይደክማል፣ ቢሮው ይንጫጫል፣ ምስጢር ጮክ ብሎ አይነገርም።

ሰዎች "ቢኖር እንገዛለን" ያሉት ነገር ፍጹም ሆኖ ሲሠራም የማይፈልጉት ሆኖ ከተገኘ ይህ መንገድ ብዙ ዓመት ያተርፋል። በተለይ ሰው ሠራሽ አስተውሎት ላይ ለሚሠሩ እመክረዋለሁ። ግን የጤና፣ የገንዘብ ወይም የግል መልእክት ጉዳይ ከሆነ ሰው እንደሚያየው ሳይነግሩ ማድረግ የሰውን አመኔታ መስረቅ ነው። እንደዚያ ከሆነ መጋረጃውን ግለጡት፣ "ለጊዜው እኛው ነን የምንሠራላችሁ" በሉ። ፈተናው ብዙም አይበላሽም።

ቅድመ ሽያጭ

ገንዘብ ከሁሉ ይመዝናል ብያለሁ፤ እሱም ቢሆን ሁሉን አይናገርም። ፔብል የተባለው የእጅ ሰዓት እ.ኤ.አ. በ2012 ሰዎች ገና ላልተሠራ ምርት ቀድመው በሚከፍሉበት ኪክስታርተር ድረ ገጽ ላይ 100,000 ዶላር ጠይቆ ከ68,000 በላይ ሰዎች ከ10 ሚሊዮን ዶላር በላይ ከፈሉት። ከዚህ የጠራ ማስረጃ ከየት ይመጣል? ኩባንያው ግን እ.ኤ.አ. በ2016 ተዘጋ፣ ከንብረቱም የተወሰነውን ፊትቢት የተባለው ተፎካካሪ ገዛው። ቀድሞ የሚከፍለው አዲስ ነገር የሚወደው ሰው ነው፤ ከእሱ ኋላ የሚመጣው ሰፊው ገዢ በሌላ ሚዛን ይመዝናል። ቅድመ ሽያጭ የመጀመሪያውን ማዕበል ያሳያል፣ ሁለተኛውን በእሱ አትገምቱ።

ከባለሀብት የተሰበሰበ ገንዘብ ደግሞ የደንበኛ ፍላጎት ማስረጃ አይደለም። ጁሴሮ የተባለው ኩባንያ የተከተፈ ፍራፍሬና አትክልት የያዘ ከረጢት ለሚጨምቅ ማሽን ወደ 120 ሚሊዮን ዶላር ሰብስቦ፣ ማሽኑን መጀመሪያ 699 ዶላር ሸጠው። እ.ኤ.አ. በ2017 የብሉምበርግ ዜና ድርጅት ጋዜጠኞች ከረጢቱን በእጃቸው ሲጨምቁት ተመሳሳይ ጭማቂ ወጣላቸው። ኩባንያው በዚያው ዓመት ተዘጋ። ከእጅ አይሻል ዶማ የሚለው እንዲህ ላለው ነው። ደንበኛ አሁን በምን ይሠራዋል፣ የእናንተ ከዚያ በስንት ይሻላል የሚለው ጥያቄ ከሽያጭ በፊት መመለስ አለበት።

ለድርጅት የምትሸጡ ከሆነ "እንፈልገዋለን" የሚል ደብዳቤ ከማነጋገር ትንሽ ከፍ ይላል፣ ከዚያ አያልፍም፤ የሚከፈልበት የሙከራ ውል፣ ትንሽም ቢሆን፣ ይበልጠዋል። ገንዘብ ሲነሳ ሌላ ሰው ብቅ ይላል። በዚያ ክሊኒክ መዝገቡን የምትይዘው ሠራተኛዋ ናት፣ የሚከፍለው ግን ባለቤቱ ነው። የእሷ ችግር ላጲሱ ነው፣ የእሱ ባዶ የቀረው ሰዓት። ገጽ ይህን ልዩነት ጨርሶ አያሳይም፤ ኢሜይሉን ማን እንደጻፈው እንኳ አታውቁም። ቅድመ ክፍያ ስትቀበሉም የምታስረክቡበትን ቀንና ካልሆነ ገንዘቡ የሚመለስበትን መንገድ ቀድማችሁ በጽሑፍ ስጡ።

ምርቱ እጃቸው ከገባ በኋላ

ሦስተኛው ጥርጣሬ ላይ ሁለት መለኪያ ይታወቃል። የጀማሪ ኩባንያዎች ዕድገት ባለሙያው ሾን ኤሊስ ያስፋፋው ጥያቄ "ይህን ምርት ከዛሬ ጀምሮ መጠቀም ባትችል ምን ይሰማሃል?" የሚል ነው፤ 40 በመቶው "በጣም አዝናለሁ" ካለ መልካም ምልክት ይባላል። ሱፐርሂውማን የተባለው የኢሜይል አገልግሎት በ22 በመቶ ጀምሮ፣ አጥብቀው የወደዱትን ሰዎች እያደመጠ 58 በመቶ አድርሶታል። ሁለተኛው፣ በአንድ ሳምንት ከገቡት ውስጥ በአራተኛውና በስምንተኛው ሳምንት ስንቱ እየተጠቀመ እንደሆነ መቁጠር ነው። ሁለቱ ከተጋጩ ሁለተኛውን እመኑ። የመጀመሪያው ጥቅም ማን እንደወደዳችሁ ማሳየቱ ነው።

ጊዜና ገንዘብ ሲያጥር

ሁለት ሳምንት ብቻ ቢኖረኝ የመጀመሪያውን ሳምንት በማነጋገርና አጠገብ በመቀመጥ፣ ሁለተኛውን ለሦስት ሰዎች በእጅ በመሥራት እጨርሰዋለሁ፤ ገጽ አልከፍትም። ዕቃ የምትሠሩ ከሆነ በእጅ መሥራት አይቻልምና ካነጋገራችሁ በኋላ ወደ ቅድመ ሽያጭ እለፉ። ሻጭና ገዢ የምታገናኙ ከሆነ አንዱን ወገን እንደ ዛፖስ ራሳችሁ ሁኑ፣ ሌላውን ፈትኑ። ችግሩ ለሁሉም ግልጽ ሆኖ ጥያቄው "ይህንኛውን መልክ ይመርጣሉ?" ብቻ ከሆነ፣ ዋጋ ያለበት ገጽ ርካሽና ፈጣን ነው።

የትኛውንም ብትመርጡ ፈተናው ከመጀመሩ በፊት አንድ ዓረፍተ ነገር ጽፋችሁ ቀን አስፍሩበት፦ "ከአሥሩ ክሊኒኮች ሦስቱ ካልከፈሉ ይህን እንተዋለን።" ውጤት ከታየ በኋላ የሚወጣ መስፈርት ሁልጊዜ ልብ የወደደውን ያሳልፋል። ወረቀቱን ምርቱን በማይወድ ሰው እጅ አስቀምጡት።

እኛ በመጨረሻ መተግበሪያውን አቁመን ወደዚያች ጠረጴዛ ተመለስን። ከባለቤቱ ጋር ለአንድ ወር ትንሽ ክፍያ ተስማማን። ከዚያ በየጠዋቱ ከሠራተኛዋ ጎን ተቀምጬ፣ በክሊኒኩ ስልክ፣ ከቁራጭ ወረቀቷ ላይ ቁጥር እያነበብኩ ደወልኩ። ሶፍትዌር የሚባል ነገር አልነበረም። የተሞላውን ሰዓት በአንድ ዓምድ፣ ያጠፋሁትን ደቂቃ በሌላ ዓምድ መዘገብኩ። ወሩ አልቆ መሄድ ካቆምኩ በአራተኛው ቀን ስልኬ ጠራ፤ ባለቤቱ ነበር። "ዛሬ ሦስት የቀጠሮ ሰዓቶች ባዶ ሆነዋል፤ ለሚቀጥለው ወር ስንት ልክፈል?" አለኝ።